ጉም ያልነካው ብርቱካን

እትዬ አትጠገብ ማረፋቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ብርቱካን ስመርጥ ነው። ድሮ ደባርቅ አብራኝ ታስተምር የነበረች ጓደኛዬ ደወለችና ከሰላምታው በኋላ ድምፅዋ ቀዘቀዘብኝ። ቀብሩ ከተፈጸመ ሰንብቷል፤ ለካ ስልኬን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው። ብዙ ሰው ቀበራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሰውማ ነበረ፣ አለች። እንዲህ ሲባል ሰው አልነበረም ማለት እንደሆነ እድሜ አስተምሮኛል። ብርቱካን ሻጯ ፌስታሉን ከፍታ ትጠብቀኛለች። በእጄ የያዝኩት ብርቱካን በአንድ ጎኑ የተቀጠቀጠ ስለነበር እሱን ትቼ ደህናውን እንድወስድ ነገረችኝ። እኔ ግን የተቀጠቀጡትን ለቅሜ ገዛሁ። እትዬ አትጠገብም ቢሆኑ እነሱኑ ነበር የሚገዙት።

ደባርቅ የተመደብኩት በደርግ ዘመን፣ ሽብሩ ጋብ ካለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከደብረ ታቦር አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዤ ስደርስ ያን ብርድ ያየሁ ዕለት ወደ መጣሁበት አውቶቡስ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። በዚያ ጊዜ ቤት ማከራየት የለም። ትርፍ ቤት ተወርሷል፤ ቤት የሚሰጠው ቀበሌ ነው፤ ቀበሌውም የሚሰጠው የለውም። ሊቀመንበሩ ወፍራም ካፖርት የለበሰ፣ ገና ጎልማሳ ሰው ነበር። ትንሽ አሰበና አንድ ባዶ ክፍል ያለበት ቤት አለ ብሎ፣ አንድ ታጣቂ አስከትሎ ይዞኝ ሄደ።

በሩን የከፈቱልን እትዬ አትጠገብ ናቸው። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያደገደጉ፣ የጣቶቻቸው ጫፍ ወደ ቢጫ ያደላ ሴት ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የጣታቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ያሸታሉ። እናቴ ብታይ ነውር ነው ትላቸው ነበር። እኔ ግን ዛሬ ሳስባቸው መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ እጃቸው ነው።

ሊቀመንበሩ የጓዳውን ክፍል እንዲከፍቱ ጠየቃቸው። ከፈቱ። እኔ የተዘጋ ቤት ሽታ ነበር የጠበቅሁት፤ ደባርቅ ላይ ሰው የማይተኛበት ክፍል ግድግዳው ያልበዋል፣ ልብሱ ይሻግታል፣ በሩ ሲከፈት የእርጥብ ጆንያ ሽታ ፊት ይመታል። ከዚያ ክፍል የወጣው ግን የብርቱካን፣ የሎሚና የቅርንፉድ ሽታ ነው። መስኮቱ ላይ በስሱ እየተቆረጠ የደረቀ ብርቱካን በክር ተሰክቶ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሏል። በየመሃሉ ሎሚና ትርንጎ አለበት፤ የጠዋቷ ፀሐይ በፍሬው ውስጥ አልፋ ግድግዳውን አቅልታዋለች። ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ክዳኑ የተነሳ ሙዳይ ተቀምጧል፤ ውስጡ የደረቀ ልጣጭ፣ ጦስኝና ቅርንፉድ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ሚስማር ላይ ቡናማ የወንድ ጃኬት ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በቅባት ያበራ ጫማ አለ።

"ይኸው፣ ባዶ ነው" አለ ሊቀመንበሩ።

"ሰው አለው" አሉ እትዬ አትጠገብ።

ማን እንደሆነ አልጠየቃቸውም፤ ያውቃል። ኋላ እንደሰማሁት ባለቤታቸው አቶ ፈንታ የመንገድ ጥገና ሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ ሊማሊሞን እየወረዱ እየወጡ ነው የኖሩት። በሽብሩ ዓመት ምሳ ሊበሉ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ሁለት ታጣቂዎች መጡና ለአንድ ጥያቄ ይፈለጋሉ አሏቸው። ሚስታቸው ብርድ ነው ብለው ጃኬቱን ሲያቀብሏቸው፣ አሁን ለምመለሰው ምን ያደርግልኛል ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ባላቸው ወዴት እንደተወሰዱ ለእትዬ አትጠገብ የነገራቸው የለም። ሲጠይቁ የቀበሌው ሰው አውራጃ ይላቸዋል፣ የአውራጃው ጎንደር ይላቸዋል፣ የጎንደሩ ደግሞ ወደ ቀበሌያቸው ይመልሳቸዋል።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ በዚያ ቤት በልቶ አድጓል። ስለዚህ አንቱታውን አልተወም።

"እትዬ አትጠገብ፣ ይህን ያህል ዘመን ሆነው እኮ። ይህችም የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ውጪ አትደር።"

ጣታቸውን አሸተቱ።

"አንተ ሊቀመንበር ነህ፣ ታውቃለህ። ሞቷል በለኝና ቁጭ ብዬ ላልቅስ፤ ያን ጊዜ ቤቱን ውሰድ። አልሞተም ካልክ ግን ክፍሉ የሱ ነው።"

ሊቀመንበሩ ታጣቂውን አየ፤ እኔን አየ፤ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አደረገ። ሞቷል ቢል፣ የት? በማን እጅ? ሬሳውስ? የሚል ይከተላል። አለ ቢል ክፍሉን መንካት አይችልም። ሁለቱንም ሳይል መምህርቷ ታዲያ የት ትደር አለ። እሳቸውም ሳሎኑ ይበቃናል፣ እኔ ጋ ትተኛለች አሉ። ፍራሼን ራሳቸው ተቀብለው አስገቡት። እንዲህ አድርጌ ነው የእትዬ አትጠገብ ደባል የሆንኩት።

ሰፈሩ ያን በክር የተንጠለጠለ ፍሬ የብርቱካን ቋንጣ ይለው ነበር። እኔም በሰነበትኩ በሦስተኛው ቀን እውነት ቋንጣ መስሎኝ አንዷን ቆርጬ ብቀምስ እንደ ኮሶ መረረኝ። ከኋላዬ ቆመው አይተውኝ ኖሮ ሳቁ። "የሚበላ አይደለም ልጄ፣ የሚሸተት ነው" አሉኝ። ሲስቁ ካየሁባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው።

ነገሩን ያዩት በልጅነታቸው ነው። ጎንደር ከአንዲት ጣሊያን ሴት ቤት ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ሴትዮዋ ለገና ብርቱካን ቆርጣ እያደረቀች ቤቷን ታስጌጥበት ነበር። ኋላ አቶ ፈንታን አግብተው ደባርቅ ሲገቡ፣ ባል ከቆላ በተመለሱ ቁጥር ብርቱካንና ሎሚ በጆንያ ይዘው ይመጣሉ። ልጅ የሌለው ቤት ነው፤ ሁለት ሰው ስንቱን ይበላል? የተረፈው ከሚበላሽ ብለው ማድረቅ ጀመሩ። አቶ ፈንታ መጀመሪያ ቀልደውባቸው ነበር አሉ። ቆይተው ግን ቆላ ሲወርዱ ከደረቀው ሁለት ሦስት ቁራጭ ኪሳቸው ውስጥ ሳይከቱ አይወጡም፤ ያ የቆላ ላብ ሲያስቸግራቸው አውጥተው ያሸታሉ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ብርቱካኑ ይታጠብና በጨርቅ ይደርቃል። በሰላ ቢላ ይቆረጣል፤ ከሳሳ ጨርቁ ላይ ይጣበቃል፣ ከወፈረ መሃሉ ይሻግታል። ዘሩ በመርፌ ጫፍ ይወጣል። ከዚያ ሰፌድ ላይ ንጹሕ ሻሽ ተነጥፎ ይሰጣል፤ ሰፌዱ ዶሮው ቤት ቆርቆሮ ላይ ይወጣል። ቀን ቀን ይገለበጣል። እኔ አንድ ቀን ቸኩዬ ከሰሉ ላይ ባደርገው ጠርዙ አረረ። አልተቆጡም። "ፀሐይ ታደርቃለች፣ እሳት ያሳርራል" አሉኝ፤ ይህችን አባባል ችኩል ሰው ባዩ ቁጥር ይደግሟታል፤ የትዳር ጠብ ለማስታረቅ ሳይቀር ሲናገሯት ሰምቻለሁ።

ትልቁ ጠላት ጉሙ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከሊማሊሞ ገደል በኩል ነጭ ሆኖ ይነሳና ሳታስበው ግቢህ ውስጥ ነው። ጉም የነካው ብርቱካን ይጠቁራል፤ ቢደርቅም ሽታው የእርጥብ ጆንያ ነው፤ መጣል ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ስለዚህ እትዬ አትጠገብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ከገደሉ አይነቀልም። ሊጥ እያቦኩ ቢሆን በሊጡ እጃቸው፣ ፀጉር እየሠሩ ቢሆን የሚሠሩትን ሰው ግማሽ ጭንቅላት ትተው ይሮጣሉ።

አንድ ቀን ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርተን ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ይናገራል። እኛ እንቅልፋችንን እንታገላለን። እሳቸው በሩ አጠገብ ነበሩ፤ ድንገት ብድግ ብለው ወጡ። በዚያ ዘመን ከስብሰባ መሃል መውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በር ጠባቂው ወዴት ነው ቢላቸው ብርቱካኔ ውጪ ነው አሉትና ሄዱ። አዳራሹ ሳቀ። ሊቀመንበሩም አንገቱን ደፍቶ ወረቀት የሚፈልግ መሰለ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ሂስ ይቀበሉ ተባለ። ተነሱና ጣታቸውን አሽትተው፣ ጉም ስብሰባ አያውቅም አሉ፤ ተቀመጡ።

ሁሉ ጊዜ ግን በሳቅ አላለፈም። የዚያ ክፍል መስኮት ወደ መንገዱ ያያል። አንድ ሰው፣ ያ የተንጠለጠለው ነገር በቆላ ላሉት ወንበዴዎች ምልክት ነው፣ ሲበዛ ግቡ ሲያንስ ተመለሱ ማለት ነው ብሎ ጠቆመ። ታጣቂዎች መጥተው አንዱን ክር በጥሰው ወደ ቀበሌ ወሰዱት። እኔ ፈርቼ ቤት ቀረሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሏቸው። ቢሮ ገብተው ምን እንዳሉ የነገረኝ ራሱ ታጣቂው ነው። ቁጠሩት አሉ፤ ከቁጥሩ ያገኛችሁት ምልክት ካለ ለእኔም ንገሩኝ፣ እኔም ፈንታ የት እንዳለ የሚነግረኝ ምልክት አጥቼ ነው የተቀመጥኩት። እሳቸውን አሰናበቷቸው። ክሩን ግን አልመለሱም። ለብዙ ጊዜ ስኳር በራሽን ልወስድ ስሄድ ከሊቀመንበሩ ወንበር ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አየው ነበር። ያ ቢሮ በሕይወቱ ደህና ሽታ የሸተተው ያን ሰሞን ብቻ ይመስለኛል።

የሳቸውን ብቸኝነት እንዴት ብዬ እንደምነግር አላውቅም። ሰው አይሸሹም ነበር። የሰው ልቅሶ ላይ ከማንም በፊት ይደርሳሉ፤ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ለሌላው ደረታቸውን ይመታሉ። ለራሳቸው ግን ያለቀሱበት ቀን የለም። የዕድር ሴቶች በገደምዳሜ ቁርጡን እወቂና እርምሽን አውጪ ይሏቸዋል። መርዶ ሳይመጣልኝ ሰው አልገድልም ብለው ይመልሳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት የጓዳውን መስኮት ይከፍታሉ፣ ጫማውን ይቀባሉ፣ ሽታው የጠፋውን ክር አውርደው አዲሱን ይሰቅላሉ። ሲጨርሱ በሩ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። አልጋው ላይ ተቀምጠው አይቼ አላውቅም። እኔ ሳሎን ደብተር እያረምኩ ያን ዝምታ እሰማዋለሁ፤ የሰው ዝምታ እንዲህ ልብ እንደሚያደክም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ አልቻልኩምና፣ እትዬ እውነት ይመጣሉ ብለው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"መምጣቱን አላውቅም ልጄ። መሞቱንም አላውቅም። የማውቀው ክፍሉን ነው" አሉኝ።

ብርቱካኑን የሚያመጡላቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ጋሽ እንድሪስ ከሊማሊሞ ሥር ካለችው ከድብ ባሕርና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ፍራፍሬ በጭነት መኪና እያስጫኑ ደባርቅ ገበያ የሚነግዱ፣ ከአቶ ፈንታ ጋር ባንድ መንገድ ሲመላለሱ የተዋደዱ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ በአንድ ጎኑ የተቀጠቀጠውን ለይተው በገበያ ቀን ማታ ማታ ያደርሱላቸዋል። ለመቁረጥ ምን ሆነ፣ አንድ ጎን ደህና ነው ይላሉ። ውስጥ ገብተው አይቀመጡም። በሩ ላይ ቆመው፣ ፈንታ ምን ይላል ብለው ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም ዝም ብሏል ይላሉ። ይህ በሁለቱ መካከል እንደ ሰላምታ የሆነ ነገር ነበር።

ሚያዝያ ላይ ነው። አንድ የገበያ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሳይመጡ ቀሩ። እትዬ አትጠገብ ደጁን ሲያዩ አመሹ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት የነፍስ አባታቸው፣ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎችና ጋሽ እንድሪስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እንዲህ በጎህ ሰብሰብ ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል።

እትዬ አትጠገብ ቄሱን አላዩም። ያዩት የጋሽ እንድሪስን እጅ ነው።

"ባዶ እጅህን መጣህ" አሏቸው።

ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከጎንደር እስር ቤት የተፈታ አንድ ሰው ቆላ ወደ ዘመዶቹ ሲወርድ አግኝቷቸው ኖሯል። ከአቶ ፈንታ ጋር ባንድ ክፍል ታስሮ ነበር። አቶ ፈንታ የሞቱት በተያዙበት ዓመት ነው፤ መስከረም ሳይጠባ። ቄሱ ይህን ረጋ ብለው ነገሯቸውና እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ አሏቸው።

አልጮኹም። ቆዩኝ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ክሮቹን አንድ ባንድ አውርደው በነጠላቸው ታቀፉ፤ ሙዳዩን ከላዩ ገለበጡበት። ወጥተው የምድጃውን እሳት ቆሰቆሱና ሁሉንም ከተቱበት። ልጣጩ ይንጣጣ ጀመር። ያ ሽታ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን ሲያዳርስ ጎረቤት ከልቅሶው በፊት በብርቱካኑ ሽታ ተነሳ። ፀሐይ ታደርቃለች እያሉ ያስተማሩኝ ሴት ያን ሁሉ ዓመት ያደረቁትን በእሳት አሳረሩት። የመጨረሻው ሲከስል ቀና አሉና ጮኹ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከሰው ይወጣል አልልም ነበር። እኔም አቶ ፈንታን በዓይኔ ሳላያቸው እንደ አባቴ አለቀስኳቸው።

ለልቅሶው ሊቀመንበሩም መጣ። ድንኳኑ ጠርዝ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እትዬ አትጠገብ አዩት። ለሌላው ሰው እንደሚያደርጉት ንፍሮ አዘገኑት።

አርባው ካለፈ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍራሼ ሳሎን የለም። ጓዳ ገብቼ ሳይ የአቶ ፈንታ አልጋ ላይ ተነጥፏል፤ ጃኬቱና ጫማው ተነስተዋል። ለነዳይ ነው የተሰጡት።

"ከእንግዲህ እዚህ ተኚ። ክፍሉ ባዶ ነው" አሉኝ።

ክረምቱ ገባ። ግድግዳው አላበው፤ ልብሴ ሻገተ። ሌሊት እተኛበታለሁ፣ መብራት አበራበታለሁ፣ ደብተር አርምበታለሁ፤ በሩን ስከፍተው ግን የሚቀበለኝ ሰው የማይኖርበት ቤት ሽታ ነው። እሳቸው በዚያ በር አያልፉም። ብርቱካን የሚባል ነገርም ከአፋቸው ጠፋ።

ጥቅምት ላይ ፀሐይዋ ስትጠነክር እኔው ሄጄ ከጋሽ እንድሪስ የተቀጠቀጠውን ለምኜ አመጣሁ። ጋሽ እንድሪስ ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ትልልቁን ይመርጡልኝ ጀመር። እንዳስተማሩኝ አጥቤ፣ ቆርጬ፣ ዘሩን በመርፌ አውጥቼ፣ ሻሽ አንጥፌ አሰጣሁት። ሰፌዱን ቆርቆሮው ላይ ሳወጣ እትዬ አትጠገብ ከቤት ወጡ።

ለማን ነው አሉኝ። ለክፍሉ ነው አልኳቸው። ክፍሉማ አንቺ አለሽበት አሉ። እንደዚያ ይበሉ እንጂ ጠጋ ብለው ሰፌዱን አዩ። አንዷን ገለበጡ፤ ቀጥሎ ያለችውን ገለበጡ፤ ሁሉንም አዳረሱ። ከዚያ ጣታቸውን አሸተቱ። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲያ ሲያደርጉ አላየሁም ነበርና ደስታዬ ለጉድ ሆነ። ወደ ከሰዓቱ ፈረቃ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጉሙ ሲነሳ ከክፍል መስኮት አየሁት። አልደነገጥኩም። ቤት ማን እንዳለ አውቃለሁ፤ ልጆቹን ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ስመለስ ግቢው ነጭ ሆኗል። እትዬ አትጠገብ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ዶሮው ቤት እጃቸውን ቢዘረጉ ሊነኩት ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰፌዱ ጠዋት እንዳስቀመጥኩት ነው፤ ብርቱካኑ ላይ ውኃ አቅርሯል፣ ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። መጀመሪያ የተኙ መስሎኝ ነበር። ዓይናቸው ግን ክፍት ነው፤ ሰፌዱን ያያሉ።

"እትዬ፣ ጉሙ መጣ እኮ" አልኳቸው።

"አየሁት" አሉኝ።